ደሙ የማይረጋው ሰው በረጋ ደም ሞተ

ከሕክምና ታሪክ ገጽ

በዚህ እትም ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ አንድ የባቡር ሠራተኛ ደም እንጽፋለን። «ይኼ ደግሞ ታሪክ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። ታሪክ ነው። ሰው ስለ ገዛ ደሙ ያወቀውን እንዴት እንዳወቀና የት ላይ እንደተሳሳተ የሚናገር ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን መምህራን ነን። ስለዚህ ያነበብነውንና የደረሰብንን እንጂ ከዚያ ያለፈ አንናገርም።

የተሳሳተው መልሳችን

ነገሩ የጀመረው ካርቱም ነው። ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ማታ ማታ ለስደተኛ ተማሪዎች ባዮሎጂ እናስተምር ነበር። ስለ ደም መርጋት በተማርንበት ዕለት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ አይሞትም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። እኛም ብዙ ሳናስብ «አዎና! የማይረጋ ደም እንዴት አድርጎ ይረጋል?» ብለን መለስን። ክፍሉ ሳቀ። መልሱንም ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ያ መልስ ስሕተት ነበር። ስሕተት መሆኑን ያወቅነው ግን ከመጽሐፍ አይደለም።

በዚያው ጊዜ አብሮን ይኖር የነበረ አንድ ጓደኛችን የግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫ ወድቆ እግሩን ተሰበረ። ጄሶ ተደረገለትና ዴም በሚባለው ሰፈር፣ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ አንገረብ ላይ ተኛ። ይህ ልጅ በካርቱም ሙቀት አፍንጫው ይደማ ስለነበር ሁላችንም «ደመ ቀጭን» እንለው ነበር። እኛም ለሱ ያሰብን መስሎን «እንዳትንቀሳቀስ!» እያልን ምግቡንም ውኃውንም አልጋው ድረስ እናመጣለት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከጄሶው በላይ ጭኑ አበጠ። «ጄሶው ጠብቆት ነው» አልን። አንድ ሌላ ሰው መጥቶ በዘይት አሸው። አንድ ቀን ጠዋት ድንገት «ትንፋሽ አጠረኝ» አለ። ራክሻ ጠርተን ይዘነው ሄድን። ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ ግን ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ያየው ሐኪም የረጋ ደም ከእግሩ ተነሥቶ ሳንባው ውስጥ ሳይሰካ እንዳልቀረ ነገረን። «ዶክተር፣ ይህ ልጅ እኮ ደሙ ቀጭን ነበር» አልነው። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየንና «ቀጭን ደም የሚባል ነገር ማንንም ከዚህ አያድንም» አለን።

ጓደኛችን በእርግጥ የደም መርጋት ችግር ነበረበት ለማለት አይደለም። ማንም አልመረመረውም። አፍንጫ በሙቀትና በደረቅ አየርም ይደማል። እኛ ግን «ደመ ቀጭን» የሚለውን ቅጽል እንደ መድኅን ቆጥረነው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርነው። ስናነብም ይኸው የኛ ስሕተት ከኛ በፊት ብዙ ትላልቅ ሰዎችን ግራ ሲያጋባ የኖረ መሆኑን አገኘን።

ደም መቼ ይረጋል?

ደም ሁለት ተቃራኒ ሥራ አለበት። ከቁስል ሲፈስ ቶሎ መርጋት ይኖርበታል፤ በደም ሥር ውስጥ ሲዘዋወር ግን ፈጽሞ መርጋት የለበትም። ይህን ሚዛን የሚጠብቁት በፕላዝማ ውስጥ የሚገኙ ብዙ ፕሮቲኖች ናቸው። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ጉበት ነው። ከመካከላቸው ደምን የሚያረጉ አሉ፤ እንዳይረጋ የሚከለክሉ አሉ፤ የረጋውን መልሰው የሚያሟሙም አሉ። መጨረሻ ላይ ፋይብሪን የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች እንደ መረብ ተሠርተው የደም ሕዋሳትን ይይዛሉ። የረጋ ደም የምንለው እሱን ነው።

ይህ መረብ ቁስል ላይ ሲሠራ ሕይወት ያድናል። በጤነኛ ደም ሥር ውስጥ ሲሠራ ግን ይገድላል። ሐኪሞች ይህን ሁለተኛውን ትሮምቦሲስ ይሉታል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሬሳ እየመረመሩ በሳንባ ውስጥ የሚገኘው የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ፣ በተለይም ከእግር ደም መልስ ሥሮች ተነቅሎ የመጣ መሆኑን አሳዩ። ሥራቸውም በ1856 ተሰብስቦ ታተመ። ዛሬ የሕክምና ተማሪ ሁሉ በፊርኾ ስም ሦስት ምክንያቶችን ያጠናል፦ የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ጉዳት እና የደሙ የራሱ ለውጥ። እግሩ ተሰብሮ የተኛ ሰው ሁለቱ በአንድ ጊዜ አሉበት። አጥንቱ ሲሰበር በዙሪያው ያሉ ደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ ሲተኛ ደግሞ ደሙ ይዘገያል።

የመስታወት ቱቦው

ሐኪሞች የአንድን ሰው ደም መርጋት ለመለካት የቀለለው ዘዴ ደሙን ቀድቶ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ማድረግና ሰዓት መያዝ ነበር። በ1913 ሊ እና ኋይት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህን ምርመራ ወጥ አድርገው አሳወቁ። የጤነኛ ሰው ደም ቱቦው ውስጥ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። በጣም ከዘገየ «ይህ ሰው ቢቆረጥ ደሙ አይቆምም» ይባል ነበር።

ለዚህም ማስረጃ ነበር። ሄሞፊሊያ የሚባለው በሽታ ያለባቸው ወንዶች ልጆች ደማቸው ቱቦ ውስጥም ይዘገያል፣ በሕይወታቸውም በጥቂት ነገር እየደሙ ይሠቃያሉ። በ1952 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ውስጥ ስቲቨን ክሪስማስ የተባለ ልጅ ከተለመደው የተለየ ሄሞፊሊያ እንዳለበት ተገኘና የጎደለው ፕሮቲን በልጁ ስም «የክሪስማስ ፋክተር» ተባለ። ዛሬ ፋክተር 9 የሚባለው ነው። እንግዲህ እስከዚያ ድረስ ሕጉ ግልጽ ይመስል ነበር፦ ቱቦ ውስጥ የማይረጋ ደም ሰውነት ውስጥም አይረጋም። ታዲያ ይህን ሕግ ያፈረሰው አንድ የባቡር ፍሬን ያዥ ነው።

ጆን ሐገማን

ባቡር ሁሉ በአንድ ሾፌር ብቻ አይነዳም። የድሬዳዋን ምድር ባቡር ወይም የአትባራን ባቡር ጣቢያ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ፉርጎ የሚያያይዝ፣ ሐዲድ የሚቀይር፣ ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ አለ። አቶ ጆን ሐገማን በአሜሪካ የዚህ ዓይነት ሠራተኛ ነበሩ። በ1953፣ የ37 ዓመት ሰው ሳሉ፣ ለጨጓራ ቁስለት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ታሰበ። እንደ ደንቡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደማቸው ተመረመረ። ቱቦው ውስጥ ያለው ደም ጊዜው አልፎም አልረጋም!

ሐኪሞቹ ደነገጡ። አቶ ሐገማንን «ከዚህ በፊት ብዙ ደምተው ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። ሰውየው ግን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በብረትና በፉርጎ መካከል ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ የመድማት ችግር ኖሮባቸው አያውቅም። በወረቀቱ ላይ ከባድ ሕመምተኛ፣ በኑሯቸው ግን ደማቸው ደኅና የሆነ ሰው ነበሩ።

ክሊቭላንድ ከተማ የነበሩት ዶክተር ኦስካር ራትኖፍ ነገሩን ያዙት። ዶክተሩ በ1916 የተወለዱ በመሆናቸው ከሕመምተኛው ጋር እኩያ ነበሩ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ያደረጉት ለኛም ክፍል የሚሆን ነገር ነው። የአቶ ሐገማንን ፕላዝማ የታወቀ ሄሞፊሊያ ካለባቸው ሰዎች ፕላዝማ ጋር ቀላቀሉ። ሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ ድብልቁ አይረጋም ነበር። ድብልቁ ግን ረጋ። አንዱ የሌለውን ሌላው ሞላለት ማለት ነው። ስለዚህ ከአቶ ሐገማን ደም የጎደለው እስከዚያ ድረስ ማንም ያላወቀው ሌላ ፕሮቲን ነበር። ራትኖፍ ከባልደረባቸው ከጆአን ኮሎፒ ጋር ሆነው በ1955 ይህን ጽፈው አሳተሙ። ፕሮቲኑም በሕመምተኛው ስም «የሐገማን ፋክተር» ተባለ። በኋላ ቁጥር ሲሰጠው ፋክተር 12 ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የ1955ቱ ጽሑፍ በርዕሱ ጉድለቱን በቤተሰብ የሚወረስ የመድማት ችግር ብሎ ይጠራዋል። ሰውየው ግን አይደሙም! ቱቦው «ይደማል» ስላለ ስሙም መድማት ሆነ። እኛም ጓደኛችንን «ደመ ቀጭን» ስንል ያደረግነው ይህንኑ ነው። ስም ካወጣን በኋላ ሰውየውን ማየት ትተን ስሙን እናያለን።

መስታወቱና ፏፏቴው

ታዲያ ቱቦ ውስጥ ያልረጋው ደም ሰውነት ላይ ሲሆን ለምን ይረጋል? ለመልሱ ቁልፉ መስታወቱ ራሱ ነበር። በ1958 ራትኖፍና አንድ ባልደረባቸው የሐገማን ፋክተር ሥራውን የሚጀምረው መስታወት ሲነካ መሆኑን አሳዩ። መስታወት በገጹ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ ፋክተር 12 እሱን ሲነካ ከእንቅልፉ ይነቃል። የሸክላ አፈር ዓይነት የሆነው ካኦሊንም እንዲሁ ያደርገዋል። እስከ ዛሬ ላቦራቶሪዎች ኤ.ፒ.ቲ.ቲ. የሚሉት ምርመራ የሚሠራው እንዲህ ባለ ነገር ፋክተር 12ን በመቀስቀስ ነው።

የተቆረጠ ጣት ግን መስታወት አይደለም። ቁስል ላይ ደም መርጋት የሚጀምረው በሌላ መንገድ ነው። ከደም ሥር ውጪ ባለው ሥጋ ውስጥ ቲሹ ፋክተር የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ደም ፈስሶ እሱን ሲነካ ፋክተር 7 ሥራ ይጀምራል፣ ከዚያ ሌሎቹ ይከተላሉ። ፋክተር 12 ባይኖርም ይህ መንገድ ክፍት ነው። ስለዚህ አቶ ሐገማን ቢቆረጡ ደማቸው ይቆማል፤ ደማቸው ቱቦ ውስጥ ሲገባ ግን ቀስቃሽ አጣ።

በ1964 ኦክስፎርድ የነበሩት ማክፋርሌን በአንድ በኩል፣ አሜሪካ ውስጥ ዴቪ እና ራትኖፍ በሌላ በኩል፣ በየፊናቸው አንድ ዓይነት ሐሳብ አሳተሙ። አንዱ ፋክተር ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ያም የሚቀጥለውን ይቀሰቅሳል፣ እየበዛም ይሄዳል። ዴቪ እና ራትኖፍ ይህን «ፏፏቴ» አሉት። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ምሳሌውን ለመረዳት አይቸገርም። ውኃው ከደረጃ ወደ ደረጃ እየወረደ ጉልበቱ ይበረታል። በዚያ ሥዕል ላይ ከሁሉ በላይ፣ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ፋክተር 12 ነበር።

ለመምህራን አንድ ማሳሰቢያ፦ ቁጥሮቹ የተሰጡት በአሠራር ቅደም ተከተል አይደለም። ስለዚህ 12ኛው መጀመሪያ ላይ ቢገኝ አትደነቁ። ከ1 እስከ 13 ስትቆጥሩም 6ኛ የሚባል የለም። አለ ተብሎ የነበረው በኋላ የተቀሰቀሰው ፋክተር 5 ሆኖ ስለተገኘ ቁጥሩ ባዶ ቀርቷል። ተማሪ «6ኛው የት ሄደ?» ብሎ ሲጠይቅ «አላውቅም፣ ዝም ብለህ ሸምድድ» አትበሉት። ሳይንስ ስሕተቱን ሰርዞ ቦታውን ባዶ እንደሚተው የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የአቶ ሐገማን ሞት

አሁን ወደ ርዕሳችን እንመለስ። በ1968 አቶ ሐገማን ሥራቸው ላይ ሳሉ ወድቀው ዳሌያቸው ላይ ስብራት ደረሰባቸው። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ዋሉ። ቀናት አለፉ። ድንገት ሞቱ። የሞቱበት ምክንያት የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባቸው በመሄድ የደም ሥሩን ስለዘጋው ነበር።

በዓለም ላይ «ደሙ የማይረጋ» ተብሎ በስሙ ፋክተር የተሰየመለት ሰው በረጋ ደም ሞተ። ራትኖፍና ባልደረቦቻቸው በዚያው ዓመት የአቶ ሐገማንን ሞት የሚገልጽ ጽሑፍ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። አንድ ሐኪም የመጀመሪያውን ጽሑፍ ጽፎ፣ ከ13 ዓመት በኋላ ያንኑ ሰው አሟሟቱን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አይታይም። ደግሞም የሞቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ርዕስ የሚያፈርስ ነው። ራትኖፍ ግን አልደበቁትም። እኛ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይበልጥ ያከበርነው ይህን ነው።

ይህን ስናነብ የኛ ጓደኛ ፊታችን ላይ ድቅን አለብን። ስብራት፣ አልጋ፣ ቀናት፣ ከዚያ ትንፋሽ ማጠር። ክሊቭላንድና ዴም ምን አገናኛቸው? የሰው እግር ግን የትም አንድ ነው።

ጉድለቱ ራሱ ነው ወይ የገደላቸው?

ከ1968 በኋላ ክርክሩ ተገለበጠ። ቀድሞ «ፋክተር 12 የሌለው ይደማል» ሲሉ የነበሩ አሁን «ፋክተር 12 የሌለው ደሙ ይረጋበታል» ማለት ጀመሩ። ለዚህም ምክንያት አቀረቡ። ፋክተር 12 የረጋ ደምን ለማሟሟት የሚረዳውን መንገድም ይነካል፤ ስለዚህ እሱ ከሌለ የረጋው ደም ቶሎ አይሟሟም የሚል ነው። ፋክተሩ ጎድሏቸው በደም መርጋት የታመሙ ሰዎች ታሪክም አንድ በአንድ እየታተመ ተከማቸ።

ነገር ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። በአንድ ከተማ ውስጥ ቀይ ኮፍያ ያደረጉ አሥር ሕመምተኞች ሆስፒታል ቢመጡ ቀይ ኮፍያ ያሳምማል ማለት ነው? ቀይ ኮፍያ አድርገው ቤታቸው ደኅና ያሉትን ማን ቆጠራቸው? ጤነኛ የሆነ ሰው ታሪክ አይታተምም። ስለዚህ መደረግ የነበረበት ጉድለቱ ያለባቸውን ቤተሰቦች፣ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ በሙሉ መቁጠር ነው። በስዊዘርላንድ ሐኪሞች ይህን አደረጉ፤ ከ14 ቤተሰቦች 74 ሰዎችን አጥንተው በ1991 አሳተሙ። ፋክተሩ ጨርሶ ከጎደላቸው መካከል ደም የረጋባቸው ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ደም ለመርጋት በሚያጋልጥ ሌላ ሁኔታ ውስጥ ሳሉ የደረሰባቸው ነበር።

ሌላም ማደናገሪያ ተገኘ። አንዳንድ ሰዎች በደማቸው ውስጥ ልዩ ፀረ እንግዳ አካል አለ። ይህ ነገር በቱቦ ውስጥ ደሙን ያዘገየዋል፣ በሰውነት ውስጥ ግን ያረጋዋል! ሉፐስ በሚባለው በሽታ የተያዙ ሰዎች ደማቸው ቱቦ ውስጥ እየዘገየ በሕይወታቸው ግን የደም መርጋት እንደሚደርስባቸው በ1963 ተጽፏል። ይኸው ፀረ እንግዳ አካል የፋክተር 12ን ልክ ሲለኩ ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። እንግዲህ ቀድሞ «ፋክተር 12 ጎድሎት ደሙ ረጋ» ከተባሉት መካከል ጥቂቶቹ በእርግጥ ያለባቸው ይህ ችግር ሳይሆን አልቀረም።

ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት መልስ ይህ ነው። የፋክተር 12 ጉድለት ሰውን አያደማም፤ ብቻውን ደምን ለማርጋት ምክንያት እንደሚሆንም አልተረጋገጠም። ነገር ግን አጥንቱ ተሰብሮ ለተኛ ሰው ጋሻ አይሆነውም። አቶ ሐገማንን የገደላቸው የጎደላቸው ፋክተር ሳይሆን ስብራቱና አልጋው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ፊርኾ በ19ኛው መቶ ዘመን ያሉት ነገር ነው።

ፍሬን ሲጎድል

«ታዲያ ጉድለት ሆኖ ደም የሚያረጋ የለም ወይ?» ለሚል ተማሪ፣ አለ እንበለው። ነገር ግን እሱ የሚያረጋው ፕሮቲን ጉድለት ሳይሆን የፍሬኑ ጉድለት ነው። በ1965 ኖርዌያዊው ሐኪም ኦላቭ ኤገቤርግ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ደም መርጋት እየተደጋገመ ሲመጣ አይተው አንቲትሮምቢን የሚባለው ከልካይ ፕሮቲን እንደጎደላቸው አገኙ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፕሮቲን ሲ እና ፕሮቲን ኤስ የሚባሉት ሌሎች ከልካዮች መጉደል እንዲሁ እንደሚያደርግ ታወቀ። በ1994 በኔዘርላንድ ላይደን ከተማ ፋክተር 5 ላይ የሚገኝ ለውጥ ተገኘ፤ ይህ ለውጥ ፋክተሩን ፍሬኑ እንዳይዘው ያደርገዋል። በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ሲሆን በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ብዙም አይገኝም። ስለዚህ «ደም የሚያረጋ ነገር ጎደለ» እና «ደምን የሚከለክል ነገር ጎደለ» የተለያዩ መሆናቸውን ክፍል ውስጥ ለይተን እናስተምር።

ዶሮና ዓሣ ነባሪ

ለተማሪዎች የሚያስቅም የሚያስተምርም ነገር እንጨምር። ዶሮ ፋክተር 12 የላትም! አዎ፣ ለዶሮ ወጥ የምናርዳት ዶሮ። ሆኖም ስትታረድ የፈሰሰው ደም መሬት ላይ ሲረጋ እናያለን። ዓሣ ነባሪና ዶልፊንም ይህ ፋክተር እንደሌላቸው በ1969 ተጽፏል፤ ባሕር ውስጥ ደኅና ይኖራሉ። ተፈጥሮ ራሷ «ያለዚህ ፋክተር ደም ከቁስል ላይ ይቆማል» ብላ መልሱን ጽፋው ነበር።

ከዚያ በ2005 ጀርመን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፋክተር 12 የሌላቸውን አይጦች አጠኑ። አይጦቹ ሲቆረጡ አይደሙም። ሆኖም በደም ቅዳ ሥራቸው ውስጥ እንደ ጤነኞቹ አይጦች ጠንካራ የረጋ ደም አይሠራም። ይህ ዓለምን አነቃ። ደም ሳያፈስስ የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ሊገኝ ነው ማለት ነው! አይጥና ሰው ግን አንድ አይደሉም፤ የአቶ ሐገማን ታሪክም ማስጠንቀቂያ ሆኖ አለ። ከፋክተር 12 ቀጥሎ ያለውን ፋክተር 11ን የሚይዙ መድኃኒቶችም እየተሞከሩ ነው። ከነዚያ አንዱ፣ ልባቸው በትክክል በማይመታ ሰዎች ላይ ሲሞከር፣ ነባሩ መድኃኒት የተሻለ ስለተከላከለ ሙከራው በ2023 ተቋርጧል። በ2025 ደግሞ ፋክተር 12ን የሚይዝ ጋራዳሲማብ የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ለደም መርጋት ሳይሆን ድንገተኛ እብጠት ለሚያመጣ የዘር በሽታ ነው። ጉዞው አላለቀም።

ለኛ የሚቀረን

ካምፕ ውስጥ የፋክተር ምርመራ የለንም። ቢኖረንም የዚህ ታሪክ ትምህርት ምርመራው ላይ አይደለም። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ሰው የተሰበረ፣ የተኛ ወይም አራስ ከሆነ፣ ደሙ «ቀጭን» ይባል «ወፍራም»፣ እግሩን እንየው።

አራስን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወሊድ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደም ለመርጋት በጣም የሚመች ጊዜ ናቸው። እናቶቻችን አራስ ቤት አርፈው ገንፎአቸውን መብላታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ማረፍ ማለት ከአልጋ አለመነሣት አይደለም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይበሉ። ከገዳሪፍ ካርቱም ድረስ በአውቶቡስ ተቀምጦ የሚሄድም ሰው አውቶቡሱ ሲቆም ይውረድ፣ ይራመድ፣ ውኃ ይጠጣ። ጄሶ ያለበት ሰው ሐኪሙ የፈቀደለትን ያህል ጣቶቹን ያንቀሳቅስ።

አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ወይም ጭን ካመመና ከሞቀ አትሹት፤ ወጌሻም አይሸው። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ካሳለ አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን። እኛ የጠበቅነው «ጄሶው ነው» ብለን ነበር።

በመጨረሻም ስለዚያች ተማሪ። ጦርነቱ ሁላችንንም በታተነን። አንዳንዱ ወደ ምሥራቅ መጣ፣ አንዳንዱ ግብፅ ገባ፣ አንዳንዱ የት እንዳለ አናውቅም። ያቺ ልጅ ደብተሯን ይዛ ከካርቱም ወጥታ ከሆነ፣ በአንድ ገጽ ላይ በኛ ቃል የተጻፈ ስሕተት አለ። ዶክተር ራትኖፍ ስሕተታቸውን ለማረም የዓለም መጽሔት ነበራቸው። እኛ ያለን ይህች ጋዜጣ ናት። ስለዚህ እዚህ እናርመዋለን፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነበር፣ መልሳችን ግን አልነበረም። ደሙ በቱቦ ውስጥ የማይረጋ ሰውም ደም ሥሩ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሞት ይችላል። የቀድሞውን ሰርዢና ይህን ጻፊ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአቶ ሐገማን ደም ከመስታወት ቱቦ ይልቅ በፕላስቲክ ዕቃ ቢቀዳ የምርመራው ነገር ምን ይሆን ነበር ብላችሁ ታስባላችሁ? ለምን?

2. የሁለት ሰዎችን ፕላዝማ መቀላቀል የጎደለው ነገር አንድ ወይም የተለያየ መሆኑን እንዴት ያሳያል? በሥዕል አስረዱ።

3. የታመሙትን ብቻ ቆጥሮ ምክንያት መናገር ለምን ያሳስታል? ከካምፓችን ሕይወት አንድ ምሳሌ ስጡ።

4. ለቤተሰባችሁ ስለ አራስ እናትና ስለ ተሰበረ ሰው በአምስት ዓረፍተ ነገር የሚነበብ ምክር ጻፉ።

ቸር እንሰንብት።